ሲስተርን ጠይቁ፦ ጋቢውስ የት ደረሰ?

ባለፈው ወር ስለ ፀረ-ተባይ መርዝ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ ከአምቡላንስ ሠራተኞች ነው፣ ግማሹ ከድንገተኛ ክፍል፣ አንዷ ደግሞ ከኩዌት ናት። ሲጨመቅ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ መርዝ ወይም ኬሚካል የነካው ሰው ሲመጣብን፣ እኛ ሳንነካ እንዴት ነው የምንረዳው? ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚህ ይሁን። ስለ ጨጓራና ስለ ፀጉር መነቃቀል የጠየቃችሁ ይቅርታ፣ በሚቀጥለው እንገናኛለን።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? በወረዳችን የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ክረምት ላይ ፀረ-ተባይ የጠጣ ልጅ ጭነን ወደ ሪፈራል ስንሄድ ዝናቡ ከባድ ስለነበር መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተነው ነበር። ብዙም ሳንርቅ አፍንጫዬ ውሃ ሆነ፣ ራሴን ወቀረኝ፣ ከዚያ ገና በዘጠኝ ሰዓት ዓይኔ ላይ መሸ። መብራት አብርቼ ነው የነዳሁት። ስንደርስ ብናገር «ደንግጠው ነው» ብለው ሳቁብኝ። እውን ድንጋጤ ነው?
(ሹፌሩ፣ ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ ጋሼ፣ የሳቁት ተሳስተዋል። ድንጋጤ ልብ ያስመታል፣ ጉልበት ያርዳል፤ በዘጠኝ ሰዓት መብራት አያስበራም።

እነዚህ መርዞች ኦርጋኖፎስፌት ይባላሉ፣ ገበሬው ማላታይን የሚለውም ከነሱ ወገን ነው። ሥራቸው ነርቭ ላይ ነው። ነርቭ ለጡንቻው ወይም ለእጢው «ሥራ» ብሎ ካዘዘ በኋላ ያንን ትእዛዝ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። መርዙ እሱን ጠፍሮ ይይዘዋል። ትእዛዙ አይጠፋም ማለት ነው። ምራቁ ይዝረበረባል፣ እንባው ይወርዳል፣ ላቡ ያጠምቀዋል፣ ሆዱ ይለቃል፣ ሳንባው ሳይቀር ውሃ ያፈልቃል፣ የዓይኑ ብሌን ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ትጠባለች። ብሌን ከጠበበች ብርሃን እንደልቡ አይገባም። ራስ ምታቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርዙ የተበጠበጠበት ነዳጅ ነዳጅ የሚል ፈሳሽ ነው ብዬ ባለፍኩት፣ እሱም ብቻውን ራስ ያዞራል። አፍንጫውና ዓይኑ ሲጨመሩበት ግን መርዙ ራሱ እርስዎም ዘንድ ደርሶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነበረባቸው፣ በእጅዎ ይሁን በትንፋሽዎ። ያኔውኑ አልጋ ላይ አጋድመው ሊመረምሩዎት ይገባ ነበር።

እኔም የምስቅበት ፊት የለኝም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት ወጣት ገበሬ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ጋቢው በትውከትና በመርዙ ርሷል፣ የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ አለው። ልጁን ለማዳን ተረባረብን፣ ዳነም። ጋቢውን ግን ምን አደረግነው? አጣጠፍነው። በሥርዓት አራት እጥፍ አድርገን ለአባቱ ሰጠናቸው። ብርድ ነበር፣ አባትየው ለብሰውት ኮሪደር ላይ አደሩ። ሊነጋ ሲል እያላባቸው፣ አፋቸውን በእጃቸው እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ዓይኔን ምን ነካው?» ብለው ወደ እኔ መጡ። እሳቸውም ተርፈዋል፣ ግን ሁለተኛውን በሽተኛ የፈጠርነው እኛው ተረኞቹ ነን። ከዚያ ወዲህ መርዝ የነካው ሰው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ ልብሱ የት ደረሰ?

እና ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዝናብም ቢሆን መስኮት ይከፈት፣ የፊቱም የኋላውም። ከሹፌሩ ወደ ሕመምተኛው የሚያሳየው ትንሽ መስኮት ካለ እሱ ይዘጋ። ልጁ ከመጫኑ በፊት ልብሱ ይውለቅና በሁለት ፌስታል ተደራርቦ ይታሰር፣ እሱ በንጹሕ አንሶላ ይሸፈን። ጓንቱ ወፈር ያለ ናይትራይል ይሁን፣ ስስ ላቴክስ ለዚህ መርዝ አያስተማምንም። ስትመለሱ መኪናው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በሩ ተከፍቶ ይናፈስ። ለዚህ የሚሆን አንድ ሰዓት ካልሰጧችሁ ዓምዴን አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ለኬሚካል አደጋ እንዘጋጅ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አለቃዬ «ይሄ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው፣ መከላከያ ልብሱም የለን በጀቱም የለን፣ ሲመጣ እናያለን» አሉኝ። ምን ልበላቸው?
(ነርሷ፣ ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ «ፈረንጅ አገር» ንገሪያቸው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ያርከፈከፉት የት ነው? እዚሁ፣ በባዶ እግሩ በሚዘምት ሠራዊት ላይ። ያ ጋዝ ተንኮለኛ ነው፣ በነካው ሰዓት አያምም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳውን የሚያነሳው፣ ሣሩ ላይና ልብሱ ላይ ይቆያል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ደግሞ በሐምሌ 1927 ነው፣ ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ማኅበሩ ገና ዓመቱን ሳይደፍን ነው በኬሚካል የተቃጠለ ሰው የገጠመው። እና ጣጣው የኛም ነው፣ ያውም ከጥንት።

አሁን «ሲመጣ እናያለን» ወደሚለው እንምጣ። አመጣጡን ቶኪዮ ላይ አይተነዋል፣ ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 1995፣ ሰኞ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲገባ። ኦም ሺንሪክዮ የተባለ የሃይማኖት ቡድን አባላት ሳሪን የሚባል የነርቭ መርዝ በላስቲክ ከረጢት ይዘው በሦስት የምድር ባቡር መስመሮች፣ በአምስት ባቡሮች ተሳፈሩ። ከረጢቱን ወለል ላይ አስቀመጡ፣ ጫፉ በተሳለ ጃንጥላ ወጉትና ወረዱ። ሳሪን ማለት ከላይ የጋሼ ሹፌሩን ዓይን ያጨለመው መርዝ የሥጋ ዘመድ ነው። ያው ኢንዛይም፣ ያው የጠበበ ብሌን። ክፋቱ ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ወሬ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ነበር። ከባቡር ጣቢያዎቹ አንዱ አጠገብ ያለው የቅዱስ ሉቃስ ዓለም አቀፍ ሆስፒታል ሠራተኞች የተቃጠለና ጢስ የታፈነ ሰው ጠበቁ። የመጣው ግን በእግሩ እየሄደ «ጨለመብኝ» የሚል ሰው ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በዚያች አንድ ቀን 640 ሰው በአንድ ሆስፒታል በር ገባ። መርዙ ሳሪን መሆኑ የታወቀው ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው።

ለአለቃሽ እንዲነበብላቸው የምፈልገው ቁጥር ይሄ ነው። በከተማዋ ከ5,000 በላይ ሰው ሕክምና ፈልጎ ሆስፒታል ሄደ። አምቡላንስ ያመላለሰው 688 ብቻ ነበር። የቀረው ከ4,000 በላይ ሰው በታክሲ፣ በመንገደኛ መኪና፣ በእግሩ መጣ። አብዛኛው ሳይታጠብ፣ ካፖርቱንም ሳያወልቅ ነው የደረሰው። ስለዚህ መከላከያ ልብሱን ለብሶ፣ ጭንብሉን አጥልቆ፣ አደጋው ቦታ ላይ በሥርዓት የሚያጥብ ቡድን ቢኖርሽ እንኳ አብዛኛው ሰው በሱ በኩል አይመጣም። ባጃጅ ተሳፍሮ አንቺ በር ላይ ይወርዳል።

የሠራተኞቹስ? ወደ ቦታው ከተላኩት 1,364 የአምቡላንስ ሠራተኞች 135ቱ ራሳቸው ታመሙ። በቅዱስ ሉቃስ ከተጠየቁት 472 ሠራተኞች ደግሞ 110 ሰው ምልክት ታይቶበታል፣ ከአራቱ አንዱ ለማለት ትንሽ ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ የሆስፒታሉን ኃላፊ የዶክተር ሺጌአኪ ሂኖሃራን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶኪዮ በቦምብ ስትነድ ያዩ ሰው ናቸው። ኋላ አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ በኮሪደሩ፣ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሳይቀር የኦክስጅን መስመር አስዘረጉ፣ አንድ ቀን የሰው ጎርፍ ይመጣል ብለው። መጣም። ጸሎት ቤቱ በሕሙማን ሞላ፣ ኦክስጅንም ነበረው። ግን አየር በደንብ አይዘዋወርበትም ነበር። ከነልብሱ የገባው ሰው ላይ ያለው ሳሪን እየተነነ ክፍሉን ያዘው፣ ከሆስፒታሉ ሠራተኞች በብዛት የታመሙትም እዚያ ያገለገሉት ናቸው። ሰውየው ለሁሉም ነገር አስበዋል፣ ለካፖርቱ ሲቀር። እኔም ጋቢ አጥፌ የሰጠሁ ሰው ነኝና አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ያለ በጀት ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ዘበኛው ነው። ቀልዴን አይደለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ባጃጅ ሲመጣ በሩ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ሐኪሙ አይደለም። «ኬሚካል» ወይም «መርዝ» የሚል ቃል ከሰማ፣ ወይም ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ እያሳለ፣ እያነባ፣ እያስታወከ ከመጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ መታጠቢያው እንዲመራቸውና ደወል እንዲደውል አሠልጥኑት። ስልጠናው ከአንድ ቡና አይበልጥም።

ቀጥሎ ቦታ። ከድንገተኛ ክፍሉ በር ውጪ፣ ቧንቧ የሚደርስበት፣ ነፋሱ ወደ ሕንፃው የማይነፍስበት። የውሃ ጎማ፣ ሁለት ባልዲ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ስፖንጅ። ሁለት ሸራ በገመድ፣ አንዱ ለወንድ አንዱ ለሴት፣ ምክንያቱም ሰው ራቁቱን አደባባይ የሚቆም ከመሰለው አያወልቅም፣ ሮጦ ይገባብሻል። ልብስ መቁረጫ ትልቅ መቀስ፣ ትላልቅ ፌስታሎች፣ ማርከር፣ አሮጌ ግን ንጹሕ አንሶላ። ልብስ በራስ በኩል አይጎተትም፣ ፊቱንና አፉን ያስነካዋል፤ ከፊት ለፊት ይቆረጣል። ልብስ ማውለቅ ብቻውን ከብክለቱ አብዛኛውን ያነሳል፣ እንደ ለበሰው ልብስ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ከመቶ ይገመታል። እንግሊዞች ለሕዝባቸው የሚያስተምሩት ሦስት ነገር ነው፦ ከቦታው ራቅ፣ ልብስህን አውልቅ፣ ቆዳህ ላይ ያለውን በደረቅ ነገር አንሳ። ፈሳሽ ከሆነ በጨርቅ ወይም በሶፍት መጠጥ ማድረግ፣ ዱቄት ከሆነ ማራገፍ፣ ከዚያ ውሃ። የሚያቃጥል አሲድ ወይም የባትሪ ውሃ ከሆነ ግን ሳትጠብቂ ውሃ፣ ብዙ ውሃ። ሰው ላይ በረኪና የሚያፈስ ካለ እጁን ያዢልኝ።

አንድ ነገር የየትም አገር መመሪያ ላይ አላገኘሁትም፣ እሱም ማተብ ነው። አንገት ላይ የዋለ የጥጥ ክር መርዙን እንደ ፋኖስ ክር ይመጥጣል፣ ክታብም እንዲሁ። ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ግን ጠብ ነው፣ ከዚያም አልፎ የሰውን ልብ መስበር ነው። እኛ ዘንድ አስፈቅደን እንቆርጣለን፣ ስሙን ጽፈን በትንሽ ፌስታል እናስቀምጣለን፣ ለማጠቢያ ባዘጋጀነው እቃ ውስጥ ደግሞ አዲስ ጥቁር ክር ከነማጠንጠኛው አለ። ታጥቦ ሲጨርስ ወዲያው ይታሰርለታል። ዋጋው ከማስቲካ አይበልጥም፣ ያስቀረልንን ጭቅጭቅ ብዛት ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ የዚህን መርዝ ሥራ የሚገታውን የአትሮፒን ክምችታችሁን ቁጠሪ። አንድ ክፉኛ የተመረዘ ሰው ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ መጠኑ በየጥቂት ደቂቃው እየተደረበ ስለሚሰጠው የፋርማሲውን መደርደሪያ በአንድ ሌሊት ሊያራቁተው ይችላል። ቶኪዮዎችም ፕራሊዶክሲም የሚባለው ማርከሻ ከሌላ ከተማ ነው የመጣላቸው። የቅርብ ሆስፒታሎችን ስልክ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ስልክ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ፦ ከቶኪዮው ዘጠኝ ወር በፊት ይኸው ቡድን ማትሱሞቶ በምትባል ከተማ ያንኑ ጋዝ ለቆ ነበር፣ እዚያ ሕሙማኑን ያዩ ሐኪም የቶኪዮውን በቴሌቪዥን ሲያዩ ነገሩ ስለገባቸው ለቅዱስ ሉቃስ ደወሉ። ላቦራቶሪው ሳይናገር ስልኩ ተናገረ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ሰላም ነው? አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ። ቦቴ ሲገለበጥ ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን። ባለፈው ራቅ ብዬ ስላቆምኩ ጓደኞቼ «ፈሪ» እያሉ ሙድ ይዘውብኛል። የት ነው መቆም ያለብኝ?
(አማኑ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አማኑ፣ ፈሪ ለእናቱ ያለው ሰው ቦቴ አይቶ ነው መሰለኝ። ልክ ነህ። ነፋሱ ከጀርባህ ይሁን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁም፣ የመኪናህን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙረህ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ክሎሪንም እንደዚያው፣ ቦይ ለቦይ ነው የሚሄዱት። ርቀቱን በዓይን ለመገመት እጅህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን አንሳ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን። ጣትህ አደጋውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው ገና ቅርብ ነህ።

ከዚያ ሰሌዳውን አንብብ፣ በእግርህ ሄደህ ሳይሆን በስልክህ ካሜራ አቅርበህ። ብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ ከታች ያለው አራት አኃዝ የዕቃው መታወቂያ ነው፣ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1075 የምግብ ማብሰያ ጋዝ፣ 1017 ክሎሪን፣ 1005 አሞኒያ። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ አብረው የሚያወጡት ብርቱካናማ የድንገተኛ መመሪያ መጽሐፍ አለ፣ በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፣ የመጨረሻው በፈረንጆቹ የ2024 ነው፣ በስልክ በነፃ ይጫናል። ቁጥሩን ስትሰጠው የትኛው ገጽ እንደሆነ ይነግርሃል። ለቤንዚን ሲፈስ ቢያንስ 50 ሜትር በየአቅጣጫው፣ ቦቴው እሳት ከያዘ 800 ሜትር ይላል። ምን እንደጫነ ካላወቅህ መመሪያ 111ን ክፈት፣ ከ100 ሜትር ይጀምራል። ሰሌዳ የሌለውም አይጠፋም፣ ያኔ ሹፌሩን ወይም ረዳቱን የጭነት ወረቀቱን ጠይቅ። ጀሪካን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ማስቆም ግን ያንተ ሥራ አይደለም፣ ለፖሊስ ተወው፣ አንተ ከአንድ በላይ ሰው ለማከም ተዘጋጅ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የአምቡላንስ ትምህርት እየጨረስኩ ነው። የአደገኛ ኬሚካል ክፍሉ ላይ ያስተማሩን በአጭሩ «እወቅ፣ ራቅ፣ ጥራ» ነው። ሰው ወድቆ እያየሁ ቆሜ ልጠብቅ? ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።
(ናቲ)

መልስ፦ ናቲ፣ የኛ ሰው ወድቆ አይቶ መቆም አይችልበትም፣ ይገባኛል። እዚያ አገር ያለው የሥራ ደህንነት ሕግ ሠራተኛውን በደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ደረጃ አይቶ የሚያሳውቅ ነው። ቀጣዩ ቢያንስ የ8 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከሩቅ ሆኖ መስፋፋቱን የሚገታ ነው። ገብቶ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቴክኒሻን ቢያንስ 24 ሰዓት። አንተ ገና በመጀመሪያው ላይ ነህ። አደጋው ያለበት ቀዩ ቀጠና ውስጥ የሚገቡት የሠለጠኑት ናቸው፣ ቢጫው ላይ ይታጠባል፣ አንተ አረንጓዴው ላይ ታክማለህ።

ሥራ የለኝም ብለህ ግን አታዝን። ያ ሙሉ በሙሉ የታሸገ፣ «ኤ» የሚሉት ልብስ ውስጥ ያለ ሰው በሐምሌ ሙቀት ይቀቀላል። ጀርባው ላይ ያለው አየር 30 ወይም 60 ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍበትም ሲሠሩበት ያጥራል። ከመግባቱ በፊት የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ክብደቱን የሚለካው፣ ሲወጣ ውሃ ሰጥቶ እንደገና የሚለካው፣ «አንተ ዛሬ አትመለስም» የሚለው የሕክምና ሠራተኛው ነው። አለቃውን የሚያስቀምጠው እንደ አንተ ያለ ልጅ ነው፣ ይሄ ትንሽ ሥልጣን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ፣ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም ክሎሮክስና የሽንት ቤት ማጽጃውን አንድ ላይ ቀላቅዪ ትለኛለች፣ ሽታው ጉሮሮዬን ያንቀኛል። አምቡላንስ ቢጠራልኝ ምን ያደርጉልኛል?
(ሰብሊ)

መልስ፦ ሰብሊዬ፣ መጀመሪያ አትቀላቅዪ። ክሎሮክስ ማለት የኛው በረኪና ነው። የሽንት ቤት ማጽጃው ብዙ ጊዜ አሲድ ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጦርነት ሰው የተገደለበት ያው ጋዝ ነው። መስታወት ማጽጃ አሞኒያ ካለው እሱም ከበረኪና ጋር አይስማማም። ለማዳም «ሳንባዬ» ብትያት ላትሰማ ትችላለች፣ «ቤቱ ውስጥ መርዝ ይነሳል፣ ልጆቹም ይተነፍሱታል» በያት።

ከሆነ ግን ውጪ፣ ወዲያው ውጪ። መስኮት ልክፈት ብለሽ አትመለሺ። ልብስሽ ላይ ከፈሰሰ አውልቂው፣ ዓይንሽ ከቆጠቆጠ ለሩብ ሰዓት በውሃ እጠቢው። 112 ይደወል። የሁለቱንም ጠርሙስ ምልክት ፎቶ አንሥተሽ ያዢ፣ ወይም ከዚያ በፊት ዛሬውኑ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ አምቡላንሶቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ኦክስጅን ይሰጡሻል፣ ደረትሽን ያዳምጣሉ። ተሻለኝ ብለሽ እንዳትሸነገዪ፣ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። ወተት ጠጪ የሚልሽን አትስሚ፣ ወተት ወደ ሳንባ አይወርድም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊያጸዳ የገባ ሰው ወደቀ፣ ሊያወጣው የገባውም ወደቀ። ማስክ ቢያደርጉ ኖሮ ይተርፉ ነበር?
(ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይተርፉም ነበር፣ በጣም አዝናለሁ። የጨርቅም ሆነ የሐኪም ማስክ ጋዝ አያጣራም፣ የሌለ ኦክስጅንም አይፈጥርም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ፣ እንግባ» ያሉት ያኔ ነው የሚያልቁት። ጀርባው ላይ የራሱን አየር ያዘለና በገመድ የታሰረ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ፣ እስኪመጡ ሦስተኛውን ሰው እጁንም ቀሚሱንም ይዛችሁ አስቀሩት፣ ወንድሙም ቢሆን።

ጥያቄ፦ የታጠበበት ቆሻሻ ውሃ የት ይሂድ? ጤና ቢሮ ይቀጣናል ብለን ፈራን።
(የጤና መኮንን፣ ከሲዳማ)

መልስ፦ ሰው እየሞተ ስለ ውሃ አትጨነቁ፣ መጀመሪያ እጠቡ። ከቻላችሁ ግን ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ጉድጓድ አስቀድማችሁ ቆፍሩ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት፣ ውሃው ወደዚያ ይውረድ፣ ሲያልቅ ለሚመለከተው ቢሮ በደብዳቤ አሳውቁ። ጉድጓዱ ባዶውን ሲቆይ ደግሞ ዘበኛው ጎመን እንዳይተክልበት። የኛው ተክሎበት ነበር።